መንገዱ ስንት ያስወጣል? ማንስ ይከፍላል?

መንገድ አይሠራልን የሚል ገበሬ የለም። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወጣለች። ማዳበሪያ በአህያ ይገባል። ነጋዴው «መኪናዬ እዚህ አይደርስም» እያለ የእህሉን ዋጋ ይሰብራል።

ስለዚህ የወረዳው ሰዎች መጥተው «መንገድ ልንሠራ ነው፤ እናንተም አግዙ» ሲሉ ሁሉም እልል ይላል። ጥሩ ነው። ግን ዶማና አካፋ ከማንሣታችን በፊት ሒሳቡን እንወቅ።

በጋ ከክረምት የሚያስኬድ መንገድ ምንድን ነው?

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የገጠር ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ትልቅ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። «በጋ ከክረምት» ማለት ዝናብ የማይዘጋው ማለት ነው። መንገድን ከመኪና ይልቅ ቶሎ የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ደህና መንገድ አራት ነገር ይፈልጋል።

1. መሐሉ ከዳርና ዳሩ ከፍ ይላል። ውሃው አይተኛበትም።
2. በግራና በቀኝ ቦይ ይቆፈርለታል።
3. ጎርፍ በሚያቋርጥበት ቦታ ቱቦ ወይም ድልድይ ይገባለታል።
4. ከላይ ገረጋንቲ ወይም ጠጠር ለብሶ ይጠቀጠቃል።

ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጥርጊያው ሁለት ክረምት አይዘልቅም። የሰው ድካምም አብሮ ይታጠባል።

ሒሳቡን እንሥራ

ለምሳሌ ከቀበሌው እስከ ዋናው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ጠጠሩ 5 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ለ1 ኪሎ ሜትር 750 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። ለ3 ኪሎ ሜትር 2,250 ይሆናል። አንድ መኪና 15 ሜትር ኩብ ከጫነ 150 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ጠጠሩ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ እንዲያውም ከዚህ ይበልጣል። የነዳጁ፣ የመኪናውና የመጠቅጠቂያው ኪራይ፣ የቱቦው ዋጋ ሲደመር ገንዘቡ ብዙ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት በጀት የሚመጣ ነው።

የገበሬው ድርሻስ? 200 አባወራ አምስት አምስት ቀን ቢሠራ 1,000 የሥራ ቀን ይሆናል። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ 300 ብር የሚከፈለው ከሆነ የገበሬው መዋጮ 300,000 ብር ነው። «ገበሬው ምንም አላወጣም» የሚል ካለ ይህን ቁጥር አሳዩት።

መሬትም አለ። የእግር መንገዱ 3 ሜትር ቢሆንና ከነቦዩ ወደ 8 ሜትር ቢሰፋ፣ በ3 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሄክታር ተኩል ይሄዳል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ካልን ስድስት ጥማድ መሆኑ ነው። ይሄ ከሁሉም ሰው አይወሰድም፤ መንገድ ዳር ካሉት ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ይጠብቀዋል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሰው ንብረት ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። ባሕር ዛፉ፣ ጌሾው፣ አጥሩ ሳይቆረጥ በፊት ይቆጠር፤ ይመዝገብ።

በስብሰባ ላይ

እንዲህ ያለ ስብሰባ እናስብ። የወረዳው መሐንዲስ ሥራውን አስረድቶ ጨረሰ። አንዲት እናት ተነሡ።

«የኔ ልጅ፣ በጀቱ ለስንት ቱቦ ይበቃል?»

«ለሁለት ነው እማማ።»

«ጎርፍ የሚያቋርጠው ስንት ቦታ ነው?»

«አምስት ቦታ ነው።»

«ታዲያ ሦስቱን ቦታ በሐምሌ ጎርፍ አይወስደውም ወይ?»

መሐንዲሱ ትንሽ አሰበና «ይወስደዋል» አለ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። ከፊሉ «ዘንድሮ ከዋናው መንገድ ጀምረን አንዱን ኪሎ ሜትር ከነሁለቱ ቱቦዎች እንጨርስ» አለ። ከላይኛው መንደር የመጡት ግን «እኛ እየቆፈርን መንገዱ እናንተ ደጅ ሊቀር ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ተስማሙ። የላይኛው መንደር ዘንድሮ ሁለት ቀን ብቻ ይሠራል። የቀሩት ሦስት ቱቦዎች ለሚመጣው ዓመት በጀት ይጠየቃሉ። ይህም በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።

እኚያ እናት ሦስት አጭር ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ የ200 አባወራ ጉልበት ከጎርፍ ጋር ይሄድ ነበር።

ጥገናውንም አንርሳ

መንገድ ተመርቆ አያልቅም። በየዓመቱ ቦዩ ይጠረጋል፤ ጉድጓዱ ይደፈናል። መንግሥትም ይህን አይቶ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ አቋቋመ። ገንዘቡ ከነዳጅ ላይ ተሰብስቦ ለጥገና እንዲውል ነበር። በቀበሌም ቦዩን ማን፣ መቼ እንደሚጠርግ ከሥራው በፊት ይወሰን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ምን እናድርግ?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ጥያቄያችንን በጀቱ ሳይጸድቅ በበጋ እናቅርብ። በቃል የተባለ ይረሳል፤ የተጻፈ ይጠየቅበታል። ገንዘብ ስናዋጣ ደረሰኝ እንቀበል። የሠራነውን ቀን በደብተር እንመዝግብ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከመፈረማችን በፊት እናንብበው። ያላነበበ ጎረቤት ካለ እናንብብለት። ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው።

ተወያዩባቸው

1. በቀበሌያችሁ ጎርፍ መንገዱን የሚያቋርጠው ስንት ቦታ ነው?
2. አባወራው ሁሉ ሦስት ሦስት ቀን ቢሠራ ስንት የሥራ ቀን ይሆናል?
3. መንገዱ ቢሰፋ መሬት የሚቀነስባቸው እነማን ናቸው? በስብሰባው ላይ ተጠይቀዋል?