ጠዋት ወንዝ፣ ከሰዓት ተራራ

ከቤተሰብዎ ጋር ጆርጂያን ለመጎብኘት ካሰቡ ትብሊሲ ውስጥ ብቻ አይቅሩ። አንዱን ቀን ለካውካሰስ ተራሮች ይስጡት። ፓሳናውሪ ላይ ነጭ አራግቪና ጥቁር አራግቪ የሚባሉት ወንዞች ይገናኛሉ፤ ቀለማቸው ሳይደባለቅ ጎን ለጎን ሲፈስ ልጆችዎ ዓይናቸውን አያምኑም። የጎማ ጀልባው ጉዞ፣ ማለትም ራፍቲንጉ፣ በዚሁ አካባቢ ነው።

ልጅ ይዘው ከሆነ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በግንቦትና በሰኔ የሚቀልጠው በረዶ ወንዙን ይሞላዋል፤ ነሐሴ ይሻላል። አስጎብኚው የልጅዎን ዕድሜና ክብደት ሳይጠይቅ «ችግር የለም» ካለዎት፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሌላ ይፈልጉ። የሕይወት አድን ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል። ውኃ ውስጥ ቢወድቅ በጀርባው እንዲንሳፈፍ፣ እግሩን ወንዙ ወደሚወርድበት እንዲያደርግና ለመቆም እንዳይሞክር ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ያለማምዱት። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ አደገኛ ነው።

ከወንዙ ሲወጡ ሂንካሊ ይዘዙ። በእጅ ነው የሚበላው (ለእኛ ምን ገዶን!)፤ መጀመሪያ ነከስ አድርገው መረቁን ይምጠጡ፣ አለዚያ ሸሚዝዎ ላይ ነው።

ከሰዓት ወደ ገርገቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይውጡ። ከፍታው 2,170 ሜትር ገደማ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ትንፋሽ አያሳጥርም። ከጀርባው ከ5,000 ሜትር በላይ የሆነው የካዝቤክ ተራራ በረዶውን ለብሶ ይታያል። ሴቶች ፀጉራቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት፤ ነጠላዎን አይርሱ።