በፓስፖርት ላይ በስሕተት ስለሚመታ የመግቢያ ማኅተም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፤ በጎተራ አካባቢ የወጥ ቤት ዕቃ እያስመጡ የሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ፤ ድስትና ሰሃን ለመግዛት ወደ አንድ የእስያ አገር ተጉዘው ነበር። የያዙት የአገር ጎብኚ ቪዛ ሲሆን የሚፈቅደው የሠላሳ ቀን ቆይታ ነው። በሰኔ 28 ቀን፤ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጁላይ 5 ቀን፤ ከአይሮፕላን ማረፊያው በደረሱ ጊዜ የኢሚግሬሽኑ ሹም ፓስፖርታቸውን ተቀብሎ ማኅተሙን መታ፤ ከማኅተሙም ሥር እስከ መቼ ለመቆየት እንደሚችሉ በእጁ ጽፎ መለሰላቸው። ነጋዴው በሌሊቱ ጉዞ ደክመው ነበርና ፓስፖርቱን ሳይገልጡ ከደረት ኪሳቸው ከትተው ወደ ሆቴላቸው ሄዱ።

ሹሙ ሊጽፍ የሚገባው ኦገስት 3 ነበር፤ የጻፈው ግን ጁላይ 3 ነው። በዚህ አጻጻፍ መሠረት የነጋዴው ፈቃድ ያለቀው ወደ አገሩ ከመግባታቸው ከሁለት ቀን በፊት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሊሆን እንደማይችል ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ሆኖም በሐምሌ 17 ቀን ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ሲሉ የመውጫው ሹም የተመለከተው ወረቀቱን ብቻ ነበርና «ሃያ አንድ ቀን አሳልፈዋል፤ መቀጫ ይክፈሉ» አላቸው። ነጋዴው የገቡበትን የአይሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት ከሒሳብ ደብተራቸው ውስጥ አውጥተው አሳዩ፤ የበላይ ሹም ተጠርቶ የመሣሪያው መዝገብ ታየ፤ ስሕተቱም የራሳቸው የመግቢያው ሹም መሆኑ ታመነ። የተሳሳተው ማኅተም ተሰርዞ ከጎኑ ሌላ ተመታና ፊርማ ተደረገበት። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ግን ሦስት ሰዓት አልፎ አይሮፕላኑ ሄዷል። ለአዲስ ቲኬት ልዩነትና ለሁለት ሌሊት ሆቴል የወጣው ገንዘብ ለዕቃው አስጫኝ ሊከፈል የተቀመጠው ነበር።

የሰፈሩ ስም የመጣው ከሽቦ አልባው ስልክ ነውና፤ ወሬው ከጎተራ እስከ ጀሞ ለመድረስ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ወሬውን የሰሙት ነጋዴዎችም የየራሳቸውን ፓስፖርት እየገለጡ መመልከት ያዙ።

የዚህ ዓይነቱ ስሕተት የሚደርስበት ምክንያት የተሠወረ አይደለም። ሦስት አራት አይሮፕላን ባንድ ጊዜ ሲያርፍ ሹሙ በሰዓት ብዙ ሰው ያሳልፋል። የማኅተሙ ቀን በእጅ የሚዞር እንደ ሆነ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሳይዞር ቢቀር የትናንቱን ቀን ይመታል። አንዳንድ ጊዜ የመግቢያው ፈንታ የመውጫው ማኅተም ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜ ቪዛው ሠላሳ ቀን ሲል ማኅተሙ አሥራ አምስት ይላል፤ ባልና ሚስት ወይም ሁለት ሸሪኮች አብረው ሲቀርቡ የሁለቱም ማኅተም ባንዱ ፓስፖርት ላይ አርፎ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ቀለሙ ደብዝዞ የማይነበበውም ከጠፋው የሚሻል አይደለም።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ደግሞ ከሌላው የበለጠ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አለው። በቤቱ የሚቆጥረው በአሥራ ሦስት ወር ነው፤ ፓስፖርቱና ማኅተሙ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፋሉ። ነሐሴ 15 ቀን ገብቶ ሠላሳ ቀን የተፈቀደለት ሰው፤ ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው ብሎ መስከረም 15ን ቢጠብቅ ጳጉሜን ረስቷታል። ጳጉሜ አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት፤ የመግቢያው ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር፤ የመጨረሻው ቀን መስከረም 9 ነው። የቀኑም አጀማመር እንዲሁ ያሳስታል። ከቦሌ ብዙ አይሮፕላን የሚነሣው በእኩለ ሌሊት ገደማ ነውና፤ እኛ አገር ለረቡዕ አጥቢያ የሚባለው ሌሊት በቲኬቱ ላይ ወይ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ተብሎ ይገኛል። የመግቢያው ቀን የሚቆጠረው ግን በደረሱበት አገር ሰዓት ነው።

አገሮችም አቆጣጠራቸው አንድ አይደለም። በቻይና የቆይታው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከገቡበት ማግሥት ነው፤ በሌሎች አገሮች ደግሞ የገቡበት ዕለት ራሱ አንደኛ ቀን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሚሠራበት የቻይና የመውጫና የመግቢያ ሕግ፤ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ የቆየ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ነገሩ ከከበደም በቀን 500 ዩዋን፤ ቢበዛ እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል፤ አለዚያም ከ5 እስከ 15 ቀን ሊታሰር ይችላል። እንግዲህ እንደ ጎተራው ነጋዴ ሃያ አንድ ቀን ቢጻፍበት፤ ስሌቱ 10,500 ዩዋን ሆኖ ከጣራው ያልፋል። በታይላንድ መቀጫው በቀን 500 ባት ሆኖ እስከ 20,000 ባት ይደርሳል፤ ብዙ ቀን ያሳለፈም ዳግመኛ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል።

ማኅተሙን ማንበብ የሚገባው ከሹሙ መስኮት ፊት ሳይርቁ ነው። ከኋላ የቆመው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። የመግቢያው ቀን፤ የማብቂያው ቀን፤ የቪዛው ዓይነትና የራስ ስም ይታያል። ስሕተት ከተገኘ እዚያው በትሕትና ማመልከት ነው፤ ሹሙም የተሳሳተውን ሰርዞ ሌላ ይመታል፤ ፊርማውንም ያኖርበታል። ከበሩ ከወጡ በኋላ ግን ወደዚያው ሹም መመለስ ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ የሚኬደው በከተማው ወዳለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንጂ ለመውጣት አንድ ቀን ሲቀር አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚሮጡ አሉ። ኤምባሲው የሌላውን መንግሥት ማኅተም ለማረም ሥልጣን የለውም፤ የሚረዳው ደብዳቤ በመጻፍና መንገድ በማሳየት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በገዛ እስክሪብቶ ማረም ነው። ሦስቱን ስምንት ማድረግ ለእጅ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሹሙ ስሕተት በዚያች ደቂቃ የተጓዡ ወንጀል ይሆናል። የመንግሥትን ሰነድ መለወጥ በውጭ አገር ብቻ ሳይሆን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ማስረጃውን በሚመለከት፤ የመሳፈሪያው ወረቀት፤ ቲኬቱ፤ የሆቴሉ ደረሰኝና የባንክ ምንዛሪ ወረቀት እስከሚመለሱ ድረስ መጣል የለባቸውም። የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ደንብ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦት ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማኅተም ያልተገኘበት የውጭ አገር ሰው የቆይታውን ደንብ እንዳላከበረ ይገመታል፤ ግምቱን ግን በጉዞ ቲኬትና ይህን በመሰለ ማስረጃ ሊያፈርሰው ይችላል። ኅብረቱ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅተሙን በጣት አሻራና በፎቶግራፍ መዝገብ መተካት ጀምሯል። ሲንጋፖርም በ2014 ዓ.ም. የቀለም ማኅተሙን ትታ ፈቃዱን በኢሜይል ትልካለች። በእንዲህ ያለው አገር የሚነበበው ማኅተሙ ሳይሆን መልእክቱ ነው፤ መዝገቡም ቢሆን የሚጻፈው ተጓዡ ካቀረበው ወረቀት ነውና ከስሕተት ነጻ አይደለም።

በየብስ የሚሄዱትም አሉ። በሞያሌ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የኢትዮጵያና የኬንያ ሹማምንት ባንድ ግቢ እንዲሠሩ የተዘጋጀ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፤ ሆኖም የችኩል መንገደኛ ዓይን የሁለት አገር ሥራ ባንድ መስኮት ያለቀ ሊመስለው ስለሚችል፤ የኢትዮጵያው መውጫና የኬንያው መግቢያ ሁለቱም መኖራቸውን ሳያይ ከአውቶቡሱ መሳፈር አይገባውም።

ስለ ቪዛው ዓይነት አንድ ቃል ማከል ያስፈልጋል። ብዙ ነጋዴዎች የአገር ጎብኚ ቪዛ የሚይዙት ቶሎ ስለሚገኝና የጥሪ ደብዳቤ ስለማይጠይቅ ነው። በቻይና ቪዛ ላይ ኤል የሚለው ፊደል የጎብኚ፤ ኤም የሚለው የንግድ ነው። ኤል የያዘ ሰው «ዕቃ ልገዛ መጣሁ» ብሎ ለሹሙ ሲናገር፤ ሹሙ ቢጠራጠርና ጥያቄ ቢያበዛ ስሕተቱ የሹሙ አይደለም። እንደዚሁም ከውጭ አገር ቡና ወይም ሰሊጥ ገዢ ጠርቶ በቦሌ የሚቀበል ላኪ፤ እንግዳው በምን ዓይነት ቪዛ እንደሚመጣ አስቀድሞ ቢጠይቅ፤ በመኪናው ውስጥም የመግቢያውን ማኅተም አብሮት ቢመለከት፤ እንግዳው በሚመለስበት ሌሊት ስልክ አይደወልለትም።

የጎተራው ነጋዴ ግን ነገራቸው በአይሮፕላን ማረፊያው አላለቀም። በጥቅምት ወደ ሌላ አገር ሄደው ለጥር ሠርግ የሚሸጠውን ድስትና ትሪ ለመግዛት አስበው ቪዛ ሲጠይቁ፤ የኤምባሲው ጸሐፊ የተሰረዘውን ማኅተም አይቶ ምክንያቱን ጠየቃቸው። በቃል ቢያስረዱም የጽሑፍ ማስረጃ ፈለገ። ማኅተሙ በተሰረዘ ዕለት ከዚያው ከበላይ ሹሙ ሁለት መስመር ደብዳቤ ቢጠይቁ ኖሮ ይሰጣቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ያሰቡት የሚቀጥለውን አይሮፕላን ብቻ ነበር። ደብዳቤው ተጽፎ፤ ተልኮ፤ ተተርጉሞ እስኪቀርብ አምስት ሳምንት ፈጀ። ቪዛው በኅዳር መጨረሻ ተገኘ፤ ዕቃውም በጥር ማለቂያ ጅቡቲ ደረሰ። ድስቶቹ ከጎተራው መጋዘን የገቡት በየካቲት፤ ዐቢይ ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው።