የኮንጋን ቡና በእንግሊዝኛ መጻፍ ስንት ያወጣል?

በጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም ሳትርቅ በምትገኘው ኮንጋ፣ ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎና ታጥቦ በማድረቂያ አልጋ ላይ ለቀናት ሲገላበጥ ብዙ ጉልበት ይፈስበታል። ይሁንና ይህ ሁሉ ድካም ባሕር ማዶ ካለው ቡና ቆዪ ዘንድ መጀመሪያ የሚደርሰው በጣዕሙ ሳይሆን በአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ላኪውን የማያውቅ ገዢ ናሙና የሚጠይቀው ወይም ወረቀቱን ወደ ጎን የሚያደርገው ይህንኑ ገጽ አንብቦ ነው።

ቀደም ሲል ይህ ጉዳይ ብዙ አቅራቢዎችን አያሳስብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ግብይት ከጀመረ በኋላ ቡናው በአካባቢ ምድብና በደረጃ ይሸጥ ስለነበር የመፈልፈያው ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ግን አቅራቢው ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ እንዲሸጥ በር ከፈተ። በመሆኑም «ኮንጋ» የሚለው ስም ራሱን የቻለ ሀብት ሆኗል።

ስም ገንዘብ መሆኑን አገሪቱ ራሷ አይታዋለች። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ውዝግብ ከተነሳ በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ተደርሷል።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች የጫነ አንድ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ፣ ማለትም 42,300 ፓውንድ ገደማ ይይዛል። ጽሑፉ ሌላ ተጫራች ገዢ አምጥቶ በፓውንድ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ቢያስጨምር ልዩነቱ ከ4,200 ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ገጽ ጽሑፍ የሚከፈለው የባለሙያ ዋጋ መመዘን ያለበት ከዚህ ጋር ነው።

ታዲያ ባለሙያው ምን ይጨምራል? «እጅግ ምርጥ ቡና» የሚለውን ሐረግ ገዢው ከየአገሩ ላኪ ስለሚያነበው ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ቡናው የበቀለበት ከፍታ፣ የዝርያው ስም፣ ማለትም ኩሩሜ፣ ወሊሾ ወይም ደጋ መሆኑ፣ የአዘገጃጀቱ ዓይነት፣ የአዝመራው ዘመንና ቀማሹ የሰጠው ነጥብ ነው።

የቃላት አጠቃቀምም ዋጋ ያስከፍላል። በዓለም የቡና ገበያ «ናቹራል» ማለት ከነገለፈቱ የደረቀ፣ እኛ ጀንፈል የምንለው ነው። አንድ ላኪ ኬሚካል ያልነካው ለማለት ፈልጎ የታጠበ ቡናውን በዚህ ቃል ቢጠራ፣ የታጠበ የሚፈልገው ገዢ ያልፈዋል፤ ጀንፈል የሚፈልገውም ናሙናውን ሲቀምስ የተታለለ ይመስለዋል። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ደግሞ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ያለ ምስክር ወረቀት የጻፈው ላኪ ደንበኛውንም ለክስ ያጋልጣል። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ለገዢ የተላከ ጽሑፍ ተመልሶ አይሰበሰብም።

ስለዚህ ጸሐፊ የሚቀጥር ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የቀማሹን ወረቀትና የመፈልፈያውን መዝገብ ሊሰጠው ይገባል። ጸሐፊው በእነዚህ ውስጥ የሌለ አንድም ነገር እንዳይጨምር፣ የተጻፈውንም ቀማሹ አንብቦ እንዲያጸድቀው ማድረግ ያስፈልጋል። «የጃስሚን አበባ ሽታ» ተብሎ ተጽፎ ሲኒው ውስጥ ካልተገኘ፣ እንግሊዝኛው ባማረ ቁጥር ቅሬታው ይበረታል።

ጥሩ ጽሑፍ መጥፎን ቡና አያድንም። የመጀመሪያውን ናሙና ያስጠይቃል፤ ሁለተኛውን ኮንቴይነር የሚያሸጠው ግን ቡናው ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ ነው።