«ቱ» የት ይገባል፣ የት ይቀራል?

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ባለ አራት ምርጫውን ጥያቄ ያውቀዋል። አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ «ጎ»፣ «ቱ ጎ»፣ «ጎዊንግ»፣ «ዌንት»፤ አንዱን ያክብቡ። መምህራን ተማሪው ፈተናውን እንዲያልፍ አጫጭር ሕጎች ይሰጡታል፣ እሱም ይሸመድዳቸዋል። ሕጎቹ ግን ከፈተናው በኋላም አይለቁትም፤ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ፊልም ሲያይ፣ ውጭ አገር ከአለቃው ጋር ሲነጋገር አብረውት አሉ። የግዕዝ ሰዋስው ንዑስ አንቀጽ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን ኢንፊኒቲቭ ስለሚሉት የግስ ዓይነት ከሚነገሩት አንዳንዶቹን እንያቸው።

«ሁለት ግሶች ከተከታተሉ መሐላቸው “ቱ” ይገባል»

ተረት ነው። «ካን»፣ «መስት»፣ «ዊል»፣ «ሹድ» ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ያለ «ቱ» ይቀበላሉ። «ሌት» እና «ሜክ»ም እንደዚያው ናቸው፤ «ሺ ሜድ ሚ ክራይ» ይባላል። ይኸው «ሜክ» ወደ ተደራጊ ሲዞር ግን ጠባዩን ይለውጣል፦ «አይ ዎዝ ሜድ ቱ ክራይ»። «ኒድ» ደግሞ ሁለት ቤት ያድራል፤ «ዩ ኒድ ኖት ከም» እና «ዩ ዶንት ኒድ ቱ ከም» ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ይህ ዝብርቅርቅ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ንዑስ አንቀጽ የሚታወቀው በመጨረሻው ድምፅ ነበር፤ «ቱ» ደግሞ አቅጣጫን የሚያመለክት፣ የእኛን «ወደ» ወይም «ለ» የሚመስል መስተዋድድ ነበረች። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻዎቹ እየተሸራረፉ ሲጠፉ ንዑስ አንቀጹን ከሌላው የግስ ቅርጽ የሚለይ ምልክት አስፈለገ፤ ሥራው ለ«ቱ» ተሰጠ። እንደ «ካን» ያሉት አሮጌ ግሶች የድሮውን ልማድ ይዘው ቀሩ። ስለዚህ «ቱ» የግሱ አካል ሳትሆን ከደጅ መጥታ የተቀጠረች ናት። ይህን የያዘ ሰው ከታች የሚመጣው ብዙው ነገር አያስቸግረውም።

«“ሄልፕ ሚ ካሪ” ማለት የአሜሪካኖች ስንፍና ነው»

አይደለም። «ሄልፕ ሚ ቱ ካሪ» እና «ሄልፕ ሚ ካሪ» እኩል ትክክል ናቸው። አጭሩን ዛሬ አሜሪካኖች ይበልጥ ይወዱታል፤ ግን እንግሊዞች አሜሪካ ከመስፈራቸው በፊትም ተጽፎ ይገኛል።

«ከ“ቱ” በኋላ “-ኢንግ” አይመጣም»

ይህኛው ተረት በኢሜይል ብዙ ጉዳት አድርሷል። የማመልከቻ መዝጊያ ላይ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ተብሎ ይጻፋል፤ መሆን ያለበት «ቱ ሂሪንግ» ነው። እዚህ ቦታ «ቱ» የንዑስ አንቀጽ ምልክት አይደለችም፤ የድሮ ሥራዋን አልለቀቀችም፣ አሁንም መስተዋድድ ናት። መለያው ቀላል ነው፤ ከ«ቱ» በኋላ ተራ ስም አስገብተው ይሞክሩ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ያስኬዳል፤ «አይ ዋንት ቱ ዘ ሆሊዴይ» አያስኬድም። በዚሁ መንገድ «አይ ዩዝድ ቱ ድራይቭ» ድሮ እነዳ ነበር ማለት ሲሆን «አይ አም ዩዝድ ቱ ድራይቪንግ» ደግሞ መንዳት ለምጃለሁ ማለት ነው። የሚመሳሰሉት ለዓይን ብቻ ነው።

«ገና ለሚሆነው “ቱ”፣ ለሆነው “-ኢንግ”»

ግማሽ እውነት። ከሁሉም ሕጎች ማራኪው ይህ ነው፤ እስከ ተወሰነ ድረስም ይሠራል። «ዋንት»፣ «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ»፣ «ፕሮሚስ» ሁሉም ወደፊት የሚመለከቱ ናቸው፤ ሁሉም «ቱ» ይወስዳሉ። «ፊኒሽ» እና «ኢንጆይ» ያለውን ወይም የሆነውን ይይዛሉ፤ «-ኢንግ» ይከተላቸዋል። «ሪመምበር» ሁለቱንም ይወስዳል፤ ልዩነቱም ሕጉን ይደግፋል። «አይ ሪመምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» በሩን መቆለፍ አልረሳሁም፣ «አይ ሪመምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» መቆለፌ ትዝ ይለኛል። በ«ስቶፕ» ላይ እንዲያውም አማርኛ ያግዘናል፤ ማጨስ ያቆመና ለማጨስ የቆመ ሰው ለእኛም አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ ግን ሕጉ ይፈርሳል። «ማኔጅድ ቱ ኢስኬፕ» ያለ ሰው አምልጧል፤ ነገሩ ሆኖ አልቋል፤ «ቱ» ግን እዚያው ናት። በተቃራኒው «ኮንሲደር»፣ «ፖስትፖን»፣ «አቮይድ»፣ «ሰጀስት» ስላልሆነ ነገር የሚናገሩ ሆነው ሳለ «-ኢንግ» ይፈልጋሉ። ለሌላ ጊዜ ያስተላለፉት ጉዞ መቼም ያለፈ ጉዞ አይደለም። «ቢጊን» እና «ስታርት» ጋ ሲደረስ አብዛኛውን ጊዜ «ቱ»ም «-ኢንግ»ም ያው ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ሕግ ተማሪን ለማስጀመር ጥሩ ነው፤ ሕግ ተብሎ መጠራቱ ግን ይበዛበታል። እያንዳንዱን ግስ ከተከታዩ ጋር አንድ ላይ ማጥናት ይሻላል፤ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚቸገርበት የራሱ ምክንያት አለው። መዋኘት እፈልጋለሁ፣ መዋኘት እወዳለሁ፣ መዋኘት ጀመርኩ ስንል በ«መ» የሚጀምረው ቅርጽ ሁሉንም ይሸፍናል፤ «ኢንጆይ ቱ ስዊም» ከዚያ ይመጣል። ባለቤቱ ሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» የሚለው አካሄድ «አይ ዋንት ዛት ዩ ከም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያወጣል፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ ዋንት ዩ ቱ ከም» ነው። ይህን ያረመ ተማሪ በዚያው ግለት «ሂ ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» ይላል፤ የሚገርመው «ዛት» የሚያስፈልገው እዚህ ነበር፦ «ሂ ሰጀስትድ ዛት አይ ጎ»።

«“ትራይ ኤንድ” የመሃይም አነጋገር ነው»

ተረት። «ትራይ ኤንድ ከም» ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጻፍ የኖረ ነው፤ በተለይ እንግሊዞች በንግግር አዘውትረው ይሉታል። አንድ ገደብ አለው፤ «ትራይ» ምንም ቅጥያ ሊኖረው አይገባም። «ሂ ትራይድ ኤንድ ከም» የሚል የለም።

«በ“ቱ” እና በግሱ መሐል ቃል ማስገባት ክልክል ነው»

ክልከላውን ካነሱት ታዋቂ ጸሐፊዎች አንዱ በ1864 እ.ኤ.አ. የንግሥቲቱን እንግሊዝኛ ለመከላከል መጽሐፍ ያወጣው ቄስ ሄንሪ አልፎርድ ነው። ብዙ ሰው ሕጉ ከላቲን የተቀዳ ነው ይላል፤ በላቲን ንዑስ አንቀጽ አንድ ቃል ስለሆነ አይከፈልምና። አልፎርድ ግን ላቲንን አላነሳም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችና ጸሐፊዎች እንዲህ አይሉም ብሎ ነው የተቃወመው። እዚህ ላይ ተሳስቷል፤ አጠቃቀሙ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ አለ። ሄንሪ ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት ሰዎችን በዚህ ጉዳይ በአምስት ወገን ከፍሎ፣ ነገሩን የማያውቁትንና ግድም የማይሰጣቸውን የሚያስቀኑ ደስተኞች አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው የቴሌቪዥን ድራማ የስታር ትሬክ መክፈቻ «ቦልድሊ»ን በ«ቱ» እና በ«ጎ» መሐል አስገብቶ ዓለምን ዞረ፤ ማንም አልተጎዳም።

«“ዋና” የትም ይሄዳል»

መዋኘቱን አይደለም፤ «ዋንት ቱ» በፍጥነት ሲነገር የሚሆነውን ነው። ተራ የመንገድ ወሬ ቢመስልም የራሱ ሥርዓት አለው። «ሁ ዱ ዩ ዋንት ቱ ሲ?» ሲባል ማንን ማየት ትፈልጋለህ ማለት ነው፤ «ዋና ሲ» ይሆናል። «ሁ ዱ ዩ ዋንት ቱ ዊን?» ማለትም ማን እንዲያሸንፍ ትፈልጋለህ ሲሆን ግን ብዙ ተናጋሪዎች «ዋና» አይሉም። አሸናፊው በመልሱ ውስጥ ከ«ዋንት» እና ከ«ቱ» መሐል ነው የሚቀመጠው፤ በጥያቄው ውስጥ ቦታው ባዶ ቢሆንም ሁለቱን ቃላት እንዳይጋጠሙ ያግዳቸዋል። ይህን ሥርዓት ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ያስተማራቸው መምህር የለም፤ ብዙዎቹም ቢጠየቁ ምክንያቱን አይነግሩዎትም።