የጂምናስቲክ ልጆችና የወላጅ ድርሻ

ጂምናስቲክ በልጅነት የሚጀመር ስፖርት ነው። በኦሎምፒክ ለመወዳደር አንዲት ልጅ ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት 16 ዓመት ሊሞላት ይገባል። እዚያ ለመድረስ ግን ሥልጠናውን ከብዙ ዓመት በፊት መጀመር አለባት። ይህ ማለት ልጅቷ ለትልቅ ሰው "እምቢ" ማለት በማትደፍርበት ዕድሜ ላይ ነው የምትሠለጥነው። ታዲያ ስለ እሷ ማን ይናገር? ወላጅ ነዋ!

አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እንመልከት። የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ቴክሳስ ባለው የካሮሊ ማሠልጠኛ ሲሠለጥኑ ወላጆች አይገቡም ነበር። የቡድኑ ሐኪም ላሪ ናሳር በሕክምና ስም ለዓመታት በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ይፈጽም ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ስታር ጋዜጣ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። በጥር 2018 ከ150 በላይ ተጠቂዎች ፍርድ ቤት ቃላቸው ከተሰማ በኋላ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

የሚገርመው ደግሞ አንዳንዱ ጥቃት የተፈጸመው ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እያለ ነው። ሰውየው በራሱ አካል እየከለለ እንዳይታይ ያደርግ ነበር። ለአሠልጣኝ ተናግረው ሰሚ ያጡ ልጆችም ነበሩ።

ስለዚህ ወላጅ ልምምዱን የማየት መብት እንዲኖረው መጠየቅ አለበት፤ ልጁም ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ብቻዋን እንዳትቀር ማድረግ ይገባዋል። ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጅቷ ቤት ስትገባ "ስንተኛ ወጣሽ?" ከማለት በፊት "ዛሬ እንዴት ዋልሽ? የሚያምሽ ነገር አለ? ማን ምን አለሽ?" ማለት ይሻላል። ሜዳሊያው ቢቀር ይቀራል፤ የተናገረችውን የሚያምናት ሰው ግን ሊኖራት ይገባል።