የቆዩ ኪታቦችን አሳትሞ ሐላል ገቢ ማግኘትና የልብን ወስዋስ ማረጋጋት



የምረቃ ዓመት ሲቃረብ በየዶርሙ የሚነሡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። የመውጫ ፈተናውን አልፍ ይሆን? ሥራ አገኝ ይሆን? የወጪ መጋራቱን ዕዳ በምን እከፍላለሁ? ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ልጄ ተመርቆ ይደርስልኛል» ብለው የሚጠብቁ እናትና አባት አሉ። ይህ ሐሳብ ልብን ሲያጣብብ አንዳንዶቻችን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ፈጣን ገቢ» የተባለውን ሁሉ ሐላልነቱን ሳንጠይቅ እናሳድዳለን።

በዚህ ጽሑፍ ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ የሆነ አንድ የገቢ መንገድ እናብራራለን። እሱም የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያበቃ የቆዩ መጻሕፍትን አዘጋጅቶ ማሳተም ነው። በምሳሌነት የምንወስደው ኪታብ ስለ ልብ ጭንቀት የተጻፈ ስለሆነ የገቢውንና የወስዋሱን ነገር አብረን እናያለን።

የሕዝብ ሀብት የሆነ ድርሰት ምንድን ነው?

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ጊዜው ሲያበቃ ድርሰቱ የሕዝብ ሀብት ይሆናል፤ ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያባዛው፣ ሊተረጉመውና ሊሸጠው ይችላል።

የጊዜው ልክ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። በአሜሪካ ለድሮ መጻሕፍት የሚቆጠረው ከታተሙበት ዓመት ጀምሮ 95 ዓመት ሲሆን፣ በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ እዚያ ነፃ የሆነው በ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን በኢንተርኔት ለውጭ አገር አንባቢ ለመሸጥ ያሰበ ሰው የሚሸጥበትን አገር ሕግም ማየት አለበት።

«ዒልም የአላህ ነው፣ መብት የሚባል ነገር የለም» የሚል አባባል አንዳንዴ እንሰማለን። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ግን በ1988 እ.ኤ.አ. በኩዌት ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ፣ የገንዘብ ዋጋም ያለው የባለቤቱ ሐቅ መሆኑንና መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። በቴሌግራም የተለቀቀ ፒዲኤፍ ሁሉ ነፃ አይደለም። በነፃ ማግኘታችን ብቻውን የመሸጥ መብት አይሰጠንም።

በአንድ መጽሐፍ ላይ ስንት ሰው ሐቅ አለው?

አቡ ዘይድ አል-በልኺ በ322 ዓመተ ሒጅራ (934 እ.ኤ.አ.) ወደ አኼራ የሄዱ ዓሊም ናቸው። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለው ኪታባቸው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ስለ አካል ጤና፣ ሌላው ስለ ነፍስ ጤና ነው። የነፍሱ ክፍል ስምንት ምዕራፎች ሲኖሩት ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ በየተራ ያስተምራል። የእጅ ጽሑፉ ኢስታንቡል ውስጥ በአያሶፊያ ስብስብ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን ፎቶ ቅጂው በ1984 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት ታትሟል። የነፍሱን ክፍል ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ይህን ኪታብ በአማርኛ ማውጣት ብንፈልግ እያንዳንዱን ድርሻ ለየብቻ ማየት አለብን።

1. የአል-በልኺ የዐረብኛ ቃል፦ ከሺህ ዓመት በላይ ስለሆነው የሕዝብ ሀብት ነው።

2. የዘመናችን አጥኚ የጻፈው መግቢያ፣ ተሕቂቅና የግርጌ ማብራሪያ፦ የአጥኚው ነው። ያለ ፈቃዱ ገልብጠን አናትምም።

3. የማሊክ በድሪ እንግሊዝኛ ትርጉም፦ ምሁሩ ያረፉት በ2021 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ትርጉማቸው ገና ለብዙ ዓመታት የተጠበቀ ነው። ከእሳቸው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

4. እኛ ራሳችን ከዐረብኛው የምንሠራው የአማርኛ ትርጉም፦ ይህ የእኛ ድካም ነው። ሕጉም ለትርጉም ራሱን የቻለ ጥበቃ ይሰጠዋል።

መድረሳ ተቀምጠን የቀራነው ነሕውና ሶርፍ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ከዩኒቨርሲቲው ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል ብለን የተውነው ዐረብኛ የመጀመሪያው የሥራ መሣሪያችን ሊሆን ይችላል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምሳሌዎች አሉ። የወሎው ዓሊም ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር በ1936 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ ስለሄዱ በአማርኛ ዐጀሚ የጻፏቸው ሥራዎች የጥበቃ ጊዜ አልፏል። ዐጀሚውን በፊደላችን መልሶ ከማብራሪያ ጋር ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያለበትን ቤተሰብ ወይም መስጂድ ማስፈቀድ ግን አደብ ነው። በቅርብ ዘመን ሰው ድምፅ የተቀረጸ መንዙማም ግጥሙ የቆየ ቢሆን እንኳ ቅጂው የአቅራቢውና የአሳታሚው ሐቅ አለበት። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም እንዲሁ «ቁርኣን የማንም ንብረት አይደለም» ብለን ብቻ ልናባዛው አንችልም፤ ትርጉም የተርጓሚ ሥራ ነውና የመብቱ ባለቤት መጠየቅ አለበት።

አንባቢው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ጽሑፉ ለሁሉም ነፃ ከሆነ ሰው ለምን ይገዛናል? የሚገዛን እኛ ለጨመርንበት ድካም ነው። ይህም የታረመ ጽሑፍ፣ የሚገባ ትርጉም፣ የከበዱ ቃላት ማብራሪያ፣ ማውጫና ለዓይን የሚመች አቀማመጥ ነው። በስካን የተለቀመ ዐረብኛ ነጥቦቹ ይወድቃሉ፤ አንድ ነጥብ ሲወድቅ ትርጉሙ ይገለበጣል። ይህን ከዋናው ጋር ቃል በቃል አመሳክሮ ማስተካከል ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

ዓለም አቀፍ ገበያውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የአማዞን የራስ ኅትመት አገልግሎት ነፃ ቅጂው በገበያው ላይ ያለን የቆየ መጽሐፍ እንዳለ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ወይ የራስ ትርጉም፣ ወይ የራስ ማብራሪያ፣ ወይ ቢያንስ 10 አዳዲስ ሥዕሎች እንዲጨመሩበት ይጠይቃል። ከእንዲህ ዓይነት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለአዘጋጁ የሚሰጠው ድርሻም 35 በመቶ ነው። ከጉተንበርግ ፕሮጀክት መጽሐፍ ወስዶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ የፕሮጀክቱን ስም ከመጽሐፉ ማውጣት አለበት፤ በስሙ ከሸጠ ከትርፉ 20 በመቶ ይጠየቃል።

ሒሳቡን ቀድመን እንሥራ

ይህ በአንድ ሴሚስተር ሀብታም የሚያደርግ ሥራ አይደለም። ለምሳሌ እንዲሆነን ቁጥሮችን እናስቀምጥ። ለትየባ፣ ለእርማትና ለሽፋን 6,000 ብር ወጣ፤ የአንዱ ቅጂ ማሳተሚያ 70 ብር፣ መሸጫው 120 ብር ነው እንበል። ራሳችን በእጃችን ብንሸጥ ከአንድ ቅጂ 50 ብር ይተርፋል፤ ወጪያችንን ለመመለስ 120 ቅጂ መሸጥ አለብን። መጻሕፍት ቤት አስቀምጠን 30 በመቶ ብንከፍል ግን እጃችን የሚገባው 84 ብር ነው። ከዚህ 70 ሲቀነስ 14 ብር ብቻ ይተርፋል፤ ወጪውን ለመመለስ የሚያስፈልገው 429 ቅጂ ይሆናል። መጽሐፉና ዋጋው ያው ነው፤ የአሻሻጡ መንገድ ግን ሥራውን ወይ ያቆመዋል ወይ ይጥለዋል። የማተሚያ ቤቶች ዋጋ ስለሚለያይ በየራሳችሁ ቁጥር አስሉት። ሥራው ሲሰፋ የንግድ ፈቃድና ግብር እንዳለም አትርሱ።

በቡድን ከሆነ ደግሞ ውሉን ከመጀመሪያው መጻፍ ያስፈልጋል። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት የሚያወጣበት ሙዷረባ ከሆነ ትርፉ በመቶኛ ይከፈላል እንጂ ለባለ ገንዘቡ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ዋስትና አይሰጠውም። ኪሳራ ቢመጣ ማን ምን እንደሚሸከምም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ወንድማማችነትን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ያልተጻፈ ውል ነው።

እርጥቡን ከሥር አንደብቅ

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ከሥር እርጥብ አገኙ። ሻጩን ገሠጹት፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት።

የእኛም መጽሐፍ ይህን የመሰለ ክምር ነው። ያማረ ሽፋን ከላይ አድርጎ ከሥሩ ማንም ያላነበበውን የማሽን ትርጉም ማስቀመጥ እርጥብ እህልን መደበቅ ነው። አሳጥረን ከሆነ «አሳጥረናል» ብለን እንጻፍ። የደራሲውን ስም አናጥፋ፤ ራሳችንን «ተርጓሚ» ወይም «አዘጋጅ» እንበል እንጂ «ደራሲ» አንበል። የዲን ጉዳይ ያለበትን ጽሑፍ ደግሞ ኡስታዝ ሳያየው ወደ ማተሚያ ቤት አናስገባ።

ወደዚህ ስሕተት የሚገፋን ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው። «ጊዜ የለኝም፣ ሌሎች ቀደሙኝ፣ ቤተሰቤ እየጠበቀኝ ነው» የሚለው ድምፅ ሲበረታ እርማቱ ይዘለላል፣ ፈቃዱ ይረሳል። ስለዚህ ልብን ማረጋጋት የሥራው አንድ አካል ነው።

ወስዋሱ ሲመጣ

መጀመሪያ፣ መጥፎ ሐሳብ ወደ ልብ መምጣቱ ብቻውን ወንጀል እንዳልሆነ እንወቅ። ሰሓቦች ለመናገር የሚከብዳቸው ሐሳብ በልባቸው እንደሚመጣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው፣ ያንን መጥላታቸው የኢማን ምልክት መሆኑን አስረድተዋቸዋል። በሌላ ሐዲስም ሰው እስካልተናገረውና እስካልሠራበት ድረስ ነፍሱ በምታንሾካሹክለት እንደማይያዝ ተዘግቧል። ከሐሳቡ ጋር ሌሊቱን ሙሉ መሟገት አይጠበቅብንም። በአላህ ተጠብቀን፣ የጠዋትና የማታ አዝካራችንን ይዘን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ሁለተኛ፣ አል-በልኺ አንድ ጠቃሚ ምክር አላቸው። ብልህ ሰው ድንገት ለሚመጣ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ሰው ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት በጎ ሐሳቦችን አዘጋጅቶ ያስቀምጥ፤ ጭንቀት ሲመጣ ያወጣቸዋል ይላሉ። ለእኛ ይህ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ከሱብሒ በኋላ ልብ ሰከን ሲል እንጻፍበት፦ «ሪዝቄን የወሰነው አላህ ነው፤ የኔ ድርሻ ሰበቡን ማድረስ ነው።» «ሥራ አላገኝም የሚለው ሐሳብ ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ ገይብን አላውቅም።» «አምናም እንዲህ ፈርቼ ነበር፤ አልፏል።» ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ አዲስ መልስ ከመፈለግ የተጻፈውን ማንበብ ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ወስዋስ ብቸኝነትን ይወዳል። አል-በልኺም ወስዋስ የሚያስቸግረው ሰው ብቻውን ከመሆን እንዲርቅ፣ ከሰዎች ጋር እንዲሆንና በሥራ እንዲጠመድ ይመክራሉ። ሦስት ሆኖ አንድ ገጽ ማረም፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ አንድ አንቀጽ መተርጎም ለኪስም ለልብም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ አል-በልኺ ምክንያቱ የታወቀን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀው ይለያሉ፤ ሁለተኛውን ከአካል ጋር አያይዘው የሕክምና ጉዳይ ያደርጉታል። እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ከትምህርት የሚያስቀር ጭንቀት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ግቢያችን ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት እንሂድ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አንጠብቅ፤ ለቅርብ ሰው ወዲያው እንንገር። ሐኪም ዘንድ መሄድ የኢማን ድክመት አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ ነው።

ለመጀመር

ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር ሁኑ። ደራሲው መቼ እንደሞተ በእርግጠኝነት የሚታወቅ፣ ከ40 ገጽ የማይበልጥ አንድ ሪሳላ ምረጡ። በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ባለቤት ጻፉ። በሳምንት ሁለት ገጽ ብትሠሩ በአምስት ወር ገደማ ያልቃል። ኡስታዝ ይየው፣ መጀመሪያ 50 ቅጂ ብቻ አሳትሙ፤ ስሕተቱን አንባቢ ከነገራችሁ በኋላ ጨምሩ።

ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ገቢው ትንሽ ቢሆንም የማንም ሐቅ የሌለበት ብር ለእናታችን ስንልክ ልባችን አይረበሽም። አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው፣ ልባችንንም የተረጋጋ ያድርግልን። አሚን።