ከመዝገብ ቤት ያልወጣው ምክንያት

ሾላ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሱቅ በወረቀት ተዋውሎ፣ ምስክር አስፈርሞ ገዛ እንበል። የቤት ዋጋ ሲወደድ ሻጩ ‹‹ውሉ ስላልተመዘገበ አይጸናም›› ብሎ ይከራከራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተረጎመው። በኋላ በሰጣቸው ፍርዶች ግን ሻጩ ውሉን መዋዋሉን ያልካደበትን ጉዳይ ለይቶ አየ። እንግዲህ የነጋዴው ሱቅ የተንጠለጠለው ዳኛው ‹‹ክዷል›› ወይም ‹‹አልካደም›› ለማለት በሚሰጠው ምክንያት ላይ ነው።

ይህ ምክንያት በአብዛኛው የሚቋጨው ከሰበር በታች ነው። ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የየካ ምድብ ችሎት በይግባኝ የቀረበን ውሳኔ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካጸናው መደበኛው ይግባኝ እዚያው ያበቃል። ሰበር ደግሞ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ የማስረጃ ምዘናን አይመረምርም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት መታተም ጀምረው ከ20 ቅጽ በላይ የደረሱት ውሳኔዎች የሰበር ብቻ ናቸው። ምስክር እንዴት እንደታመነ ወይም እንዳልታመነ የተጻፈበት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ ግን ግልባጩ ለተከራካሪዎች ተሰጥቶ ዋናው መዝገብ ቤት ይገባል። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ አንድ ችሎት የጻፈውን ሁሉ አንድ ላይ አኑሮ የሚያነብ የለም። መነበብ አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ የዳኛ ሥራ የሚመዘነው በዘጋቸው መዝገቦች ብዛት ሳይሆን በምክንያቱ ጥራት ነውና።

‹‹ዳኛው በመዝገብ ተጨናንቋል፤ ሐተታ ለመጻፍ ጊዜ የለውም›› የሚሉ አሉ። ጫናው እውነት ነው። ነገር ግን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን እንዲይዝ አስቀድሞ አዟል፤ የምጠይቀው የተጻፈው እንዲወጣ ነው። በቁጥር 337 መልስ ሰጪው ሳይጠራ የሚሰረዝ ይግባኝም ቢሆን ይግባኝ ባዩ ካነሳው ነጥብ ጋር የሚገናኝ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢኖረው ተሸናፊው ለምን እንደተሸነፈ አውቆ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርድ ሌላውን ችሎት ስለማያስገድድ ኅትመቱ ምን ይጠቅማል ይላሉ። ጥቅሙ ከማስገደድ ይለያል፤ በጥቅምት የታመነ ዓይነት ማስረጃ በግንቦት ያለ ምክንያት ውድቅ ሲሆን ጠበቃውም፣ ዳኛው ራሱም ያየዋል። የባለጉዳይ ምስጢር የሚያሳስበው ሰው ስጋቱ ተገቢ ነው። ስምና አድራሻ ይሰረዝ፤ የሕፃናትና የቤተሰብ ጉዳይ ይለይ።

ከሁሉ የሚከብደው ኅትመቱ ዳኞችን ለጫና ያጋልጣል የሚለው ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። ምክንያቱ በአደባባይ ያለ ዳኛ ‹‹ለምን እንዲህ ፈረድክ?›› ቢባል መልሱ ተጽፎለታል። ምክንያቱ መዝገብ ቤት የተቆለፈበት ዳኛ ግን ንጹሕ እንኳ ቢሆን ሐሜትን የሚመልስበት የለውም። የሾላው ነጋዴም ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የሱቁ ዕጣ በምን እንደተወሰነ አንብቦ የመረዳት መብት አለው።